በጋሼ ሱሩር መጋዘን ግድግዳ አጠገብ የተናገርኩት

ሁሉ ነገር የተበላሸው በመስቀል ዕለት ነው፤ እሑድ፣ መስከረም 17 ቀን 1963 ዓ.ም.። ክሱ ላይ ሰኞ ይላል፣ መኪናዋ የተገለበጠችው ሰኞ ስለሆነ። ፖሊስ የሚጀምረው ከሬሳው ነው። እኔ መሐንዲስ ነኝ፣ የምጀምረው ድምፁ ከተሰማበት ሰዓት ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጋምቤላ ከተማ፣ ባሮ ዳር፣ በጋሼ ሱሩር የቡና መጋዘን የቆርቆሮ ግድግዳ አጠገብ ቆሜ ለአንድ ሾፌር አንድ ነገር ተናገርኩ። የተናገርኩትን የሰሙት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው በማግስቱ ሞተ። ሁለተኛው ምንም አልተባልኩም አለ። ይኸው ሁለተኛው ሰው ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ስልክ ላይ ይቀርባል፣ እኔም ከትናንት ጀምሮ ዓይኔን አልከደንኩም።

ካርቱም ነኝ። ዴም በሚባለው ሰፈር፣ የሰው ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል የገመድ አልጋ ላይ ተጋድሜያለሁ። የቀትር ዕረፍት ነው። በግንቦት፣ በዚህ ሰዓት፣ ይህ ከተማ ሥራ ይፈታል፤ ሱቅ ይዘጋል፣ አህያው ሳይቀር ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ እንቅልፍ ያለው ይተኛል፣ የሌለው እንደኔ ጣሪያ እያየ የመንገዱን ድምፅ ያዳምጣል። አሁን አንድ ታክሲ አለፈ። የፊት ግራ ጎማው ያጉረመርማል፣ ጥጉ ላይ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ጉርምርምታው በረታ፣ ሲያቀና ቀዘቀዘ፤ ክብደቱ ወደ ግራ ሲጫን የሚብስበት ከሆነ የግራው ኩሽኔታ አልቋል ማለት ነው። ባለታክሲው ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎታል። ሁሉም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት፣ መኪናቸው ስትናገር ዘፈን ይከፍታሉ። ተነሥቼ በመስኮት ልጮህለት እችል ነበር፣ ዐረብኛውም ይበቃኛል፣ ግን አንድ ጊዜ ጮኼ አይቼዋለሁ፣ ምን እንዳተረፈልኝም አውቃለሁ።

እዚህ ባሽ መሐንዲስ ይሉኛል። የመሐንዲሶች አለቃ እንደማለት ነው፤ ሱዳኖች ማዕረግ ሲሰጡ አይሰስቱም፣ እኔም አልመልስላቸውም። በምሠራበት የአውቶቡስ ጋራዥ እኔ ሳልሰማው የሚወጣ አውቶቡስ የለም። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ እቆማለሁ፣ በፊቴ ቀስ ብለው ያልፋሉ፣ እጄን አንሥቼ አንዱን አቆመዋለሁ፣ የኋላ ቀኝ፣ እላለሁ፣ ይፈቱታል፣ እንዳልኩት ሆኖ ይገኛል። ተሳስቼ አላውቅም ብል ውሸት አይሆንም። በመጀመሪያው ሰሞን ሳቁብኝ፣ ይህ ሐበሻ ከጎማ ጋር ያወራል እያሉ። አሁን አይስቁም። የውጭ አገር ሰው መመዝገቢያ ቢሮ ስሄድ ግን ባሽ መሐንዲስ የሚባል ነገር የለም፤ ሰልፍ ይዤ እቆማለሁ፣ ከአገርህ ለምን ወጣህ እባላለሁ፣ ለሥራ፣ ለትምህርት፣ ለፖለቲካ ከሚሉት አንዱን እንድመርጥ ይጠብቁኛል። ስለ ፍሬን የሚል የለበትም። ለሥራ በል ይለኛል ጸሐፊው፣ ለሥራ እላለሁ፣ ማኅተሙን ይመታል። ሥራ ነበረኝ እኮ። ከዚህ የተሻለ ሥራ ነበረኝ።

ዲግሪዬን ይዤ ጋምቤላ ስመደብ አብረውኝ የተመረቁት አዘኑልኝ፣ ለእነሱ አስመራና ድሬዳዋ ደርሷቸዋል። እኔ አላዘንኩም። ከቡሬ ቁልቁል ወደ ጋምቤላ የሚወርደውን መንገድ ያየ መሐንዲስ ሥራ አነሰኝ አይልም። መሥሪያ ቤታችን መንገድ ይጠግናል፣ አንድ ላንድሮቨርና ጥቂት የጭነት መኪኖች አሉት፤ ላይ ያለው ዳገት ፍሬን ይበላል፣ ታች ያለው ረግረግ ኩሽኔታ ይበላል፣ ወደ አቦቦ በሚወስደው መንገድ ክረምት ላይ የጎማው ግማሽ ውኃ ውስጥ ነው የሚሄደው። ችግሩ መስማቱ ላይ ነበር። ሜዳ ላይ የጎማ ድምፅ ይበተናል፣ ሾፌሩ ከሞተሩ ጩኸት ሊለየው አይችልም። ማንም ሳያስተምረኝ ራሴ መላ አገኘሁለት፤ መስኮት ከፍቶ ከግድግዳ አጠገብ ቀስ ብሎ መንዳት። ግድግዳው ድምፁን መልሶ ወደ ጆሮ ይወረውረዋል። ግን በኛ ሰፈር የሣር ቤት ነው ያለው፣ ሣር ድምፅ ይውጣል። ረጅም የቆርቆሮ ግድግዳ ያላቸው ጋሼ ሱሩር ናቸው፣ የቡና ነጋዴው፣ ከመቱና ከጎሬ የሚወርደውን ቡና ጀልባ እስኪመጣ የሚያከማቹበት መጋዘን አላቸው። አንድ ቀን ሄጄ «ጋሼ ሱሩር፣ ግድግዳዎን ያውሱኝ» አልኳቸው። «ነቅለህ ነው የምትወስደው?» አሉኝ። «የለም፣ በአጠገቡ ልነዳበት ነው።» «ወላሂ፣ መንግሥት ብዙ ነገር ጠይቆኛል፣ ግድግዳ ሲጠይቀኝ ግን ገና አሁን ነው» ብለው ሳቁ፣ ፈቀዱም።

ኦባንግ ያን ጊዜ ነው የቀረበኝ። አኙዋክ ነው፣ የመሥሪያ ቤታችን አስተርጓሚ፤ በሚስዮን ትምህርት ቤት አማርኛና እንግሊዝኛ የተማረ፣ ኑዌርኛም የሚችል፣ ረጅም፣ ሲስቅ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው። ላንድሮቨሯ በግድግዳው አጠገብ ስትመላለስ ከኋላዬ ተቀምጦ አብሮኝ ያዳምጣል። «ምን አለች?» ይለኛል። «የፊት ቀኝ ኩሽኔታዬ ግራሶ ጠማው አለች» እለዋለሁ። «እኔ የሰው ቋንቋ አስተረጉማለሁ፣ አንተ የብረት። ደመወዝህ የሚበልጠው ለዚህ ነው?» «ብረት አይዋሽም፣ የኔ ሥራ ይቀላል።» «የኔም ሰዎች አይዋሹም፣ ባላምባራስ ሲናገሩ ነው ጭንቁ። ግማሹን እዋጠዋለሁ፣ አለዚያ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ይሄዳሉ።» ተሰማ መሪውን እንደያዘ ይስቃል። ተሰማ ሾፌሩ ነው፣ የደጋ ሰው፣ በዕድሜ ከኔ ጥቂት የሚበልጥ፣ እጀ ቀላል፣ ቅጥቅጥ መንገድ ላይ እንኳ ሰው ሳያንገላታ የሚነዳ። ሦስታችንም በዚያች መኪና ውስጥ እንስቃለን፣ ቆርቆሮው ሳቃችንን ይመልስልናል።

ባላምባራስ አለቃችን ነበር። ከማዕረጉ ሌላ ስሙን በአፌ አላስገባውም። ያን ጊዜ አንቱ እለው ነበር፣ ካርቱም ከገባሁ ወዲህ ትቼዋለሁ። በዚያ መስከረም ከጎሬ አንድ ትልቅ ሹም ጋምቤላን ሊጎበኙ ይመጣሉ ተባለ። እልልታው በኋላ ይመጣል፤ እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚደረገው ዝም ማሰኘት ነው። በትልቅ ሰው ፊት ማሳል ነውር ነው፣ ማስነጠስ ነውር ነው፣ ሳይጠየቁ መናገርማ አይነሣ። ባላምባራስ የእህል ወፍጮው እንዲቆም አዘዘ፣ ሹሙ በሚያርፉበት ቤት አካባቢ ያሉት ውሾች ርቀው እንዲታሰሩ አዘዘ፣ አህያ ከዋናው መንገድ እንዲገለል፣ ሳል ያለበት ዘበኛ ወደ ጓሮ እንዲዛወር አዘዘ። የቀረችው ላንድሮቨሯ ነበረች። እስከ ቡሬ ወጥታ ሹሙን ተቀብላ፣ ከፊት ከፊት እየመራች ወደ ጋምቤላ የምታመጣቸው እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ትጮሃለች። ደመራው ዘንድ ቄሱ ሲባርኩ ባላምባራስን ይዛ መጥታ ስትቆም ጮኸች፣ ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አየ፣ ከኋላ አንዱ ሳቀ። የባላምባራስ አንገት ሲቀላ እኔም አየሁት።

እሑድ ከምሳ በኋላ ግድግዳው ዘንድ ነን። «ውኃ ነው ኢንጂነር» ይላል ተሰማ፣ «ባሮ ሞልቷል፣ ጭቃ ውስጥ ቆማ ነው የሰነበተችው። ሲደርቅ ይተዋታል።» ሊሆን ይችላል። ውኃ የገባበት ፍሬን ላዩ ይዝጋል፣ ያፏጫል፣ ደጋግመው ሲይዙት ግን ይሞቃል፣ ይደርቃል፣ ዝም ይላል። «እንግዲያው እናድርቀው» እለዋለሁ። መስኮቱን እከፍታለሁ፣ በግድግዳው አጠገብ እንሄዳለን፣ ይዘህ ልቀቅ እለዋለሁ፣ ይዘህ ልቀቅ። ድምፁ መጀመሪያ ቀጭን ነበር፣ እንደ ፉጨት። እየደረቀ ሲሄድ ፉጨቱ ለቀቀና ከሥሩ ሌላ ድምፅ ወጣ፣ ድስት በአሸዋ ሲፈገፈግ እንደሚሰማው ያለ፣ ብረት በብረት ሲፋቅ። «ማርሹን አውጣ» አልኩት፣ ሞተሩ ሳይጎትታቸው ጎማዎቹ ብቻ ሲንከባለሉ እንድሰማ። አወጣው። ፍሬኑ ሲረገጥ ይፋቃል፣ ሲለቀቅ ይተዋል። ኩሽኔታ ቢሆን ፍሬን ተያዘ አልተያዘ ያጉረመርም ነበር። የፍሬኑ ሸራ አልቋል፤ ሸራውን የያዙት ምስማሮች ወጥተው ታምቡሩን፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ብረት፣ እየፋቁት ነው። ወረድኩ። ግድግዳው አጠገብ ቆምኩ። እንዲህ አልኩ፤ «ተሰማ፣ ይቺ መኪና ሸራዋ ሳይቀየር ከጋምቤላ አትወጣም። ዳገቱን ትወጣው ይሆናል፣ ቁልቁለቱን ግን አትመለሰውም።» ኦባንግ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ሰማህ ተሰማ? ወይስ እኔ ልተርጉምልህ?» አለው። ተሰማ መሪውን እንደያዘ «ሰማሁ» አለ። ሰማሁ አለ። ያቺን ቃል ነው እስከ ዛሬ የምፈልጋት።

ከዚያ በቀጥታ ባላምባራስ ቤት ሄድኩ። በረንዳው ላይ ቆሟል፣ አሽከሩ የክብር ልብሱን ቁልፍ ይሰፋለታል። ሸራው ማለቁን ነገርኩት። «ሸራው መቼ ይመጣል?» አለኝ። «ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ካስመጣን በሳምንት።» «ክቡርነታቸው ነገ ከጎሬ ይነሣሉ።» «እንግዲያው የጭነት መኪናው ይሂድ፣ ፍሬኑ ደህና ነው።» «በጭነት መኪና ልቀበላቸው? አንተ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩህ ይህንን ነው?» «ያስተማሩኝ ሸራው ያለቀ መኪና እንደማይቆም ነው።» «እኔ አቁምልኝ አላልኩህም» አለ፣ አሽከሩ ክሩን በጥርሱ እስኪበጥስ ጠብቆ፣ «ጸጥ አድርግልኝ ነው ያልኩህ።» «ባላምባራስ፣ የምትጮኸው ስላመማት ነው። ጩኸቱን ብናጠፋው በሽታው የት ይሄዳል?» «የት እንደሚሄድ አንተ እወቅ። እኔ የማውቀው ክቡርነታቸው ፊት እንዳትጮህ ነው።» «እኔ እጄን አላስገባበትም» አልኩት። አንቱ እያልኩ ነው ያልኩት፣ እጅ ነሥቼ ነው የወጣሁት፣ ግን ብዬዋለሁ። አሽከሩ ሰምቷል እንዳልል አሽከር በትልቅ ሰው ቤት ጆሮ የለውም።

ሰኞ ማለዳ ላንድሮቨሯ ታጥባ፣ ባንዲራ ተሰክቶባት ወደ ባላምባራስ በር መጣች። ተሰማ በሩ ላይ ፍሬን ያዘ፣ ቆመች፣ ምንም የለም። ፉጨቱም የለም፣ ፍቀቱም የለም። ሸራ እንደ ሣር በአንድ ሌሊት አይበቅልም። ባላምባራስ ከበረንዳው ላይ «ኢንጂነር፣ ዳነችልህ እኮ» አለኝ፣ ዘበኞቹ ሳቁ። ሄጄ ከፊቷ ቆምኩ። «ኦባንግ፣ ውረድ።» «ብወርድ ክቡርነታቸው ሲናገሩ ማን ያስተረጉማል?» «በጭነት መኪናው ና።» «አንተ ሰውዬ፣ ትናንት ስትጮህ አትሂድ አልከኝ፣ ዛሬ ዝም ስትል አትሂድ ትለኛለህ። እኔ መቼ ነው የምሄደው?» ዓይኑን ጨፍኖ ሳቀ። ተሰማን አየሁት። ተሰማ መሪውን ነው የሚያየው፣ ጥፍሩ ሥር ጥቁር ነገር አለ፣ መኪና አጥቦ የመጣ ሰው ጥፍሩ እንደዚያ አይሆንም። ዘበኞቹ ክንዴን ይዘው ከመንገዱ አወጡኝ፣ እሷም በፊቴ አለፈች፣ በሕይወቴ እንደዚያ ጸጥ ያለች መኪና ሰምቼ አላውቅም።

የሆነው ሲመለሱ ነው። የሹሙ መኪና ከኋላ ነበር፣ ፊት ፊት የምትመራዋ ላንድሮቨር በየመታጠፊያው እየፈጠነች ሄደች አሉ፣ ሹሙም እኛ ነን የዘገየነው ብለው ሾፌራቸውን ፈጠን በል ብለውት ነበር አሉ። ተሰማ መጨረሻ ላይ ከገደሉ ሸሽቶ ከአፈሩ ጋር አላተማት፣ ተገለበጠች። የተሰማ እግር ተሰበረ። ኦባንግ ከሥሯ ነበር። በጭነት መኪናው ስደርስ በብርድ ልብስ ሸፍነውታል፣ እግሩ ረጅም ስለሆነ ብርድ ልብሱ አልበቃውም። በጉልበት ጎትቼ ባወርደውስ ብዬ አስቤ አላውቅም አልልም። ያን ሰዓት ግን አላለቀስኩም፣ የማውቀውን አንድ ሥራ ሠራሁ፣ ጎማዎቹን ፈትቼ ታምቡሮቹን አወጣኋቸው። ውስጣቸው ግራሶ ተቀብቷል፣ ተቃጥሎ ይሸታል፣ ጠርዙ ላይ የጣት ሰንበር ይታያል። ግራሶ የፍሬንን ጩኸት ያጠፋል፣ ፍሬኑንም አብሮ ያጠፋል። ባላምባራስ መጥቶ ቆሟል፣ ፖሊሶቹም አሉ። ጣቴን ነክሬ አፍንጫው ሥር አቀረብኩለት። «ይህ ምንድን ነው?» «ግራሶ ነው፣ ከኩሽኔታው ፈስሶ ይሆናል» አለ፣ ማን እንዳስጠናው አላውቅም። «አንድ ጎማ ሊያፈስ ይችላል፣ ሁለትም ይሁን። አራቱም ጎማ በአንድ ሌሊት፣ እኩል፣ በጣት ተጠርጎ አያፈስም።» መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ጠረገ። ፖሊሶቹ መሬት መሬቱን አዩ። በዚያ ቁልቁለት ላይ ከቆሙት ሰዎች ሁሉ ቀና ብዬ የቆምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ይህን ማንም አይወስድብኝም።

የታሰርኩት ግን እኔ ነኝ። ተሰማ ከሚስዮኑ ክሊኒክ አልጋ ላይ ሆኖ ቃሉን ሰጠ፤ ኢንጂነሩ አይቷት ደህና ናት ሂድ ብሎኛል። ግድግዳው አጠገብ ምን ተባለ ሲሉት ምንም አልተባልኩም አለ። ጋሼ ሱሩርን ጠየቋቸው፤ መኪናዋ በግድግዳዬ አጠገብ ስትመላለስ ሰምቻለሁ፣ የተባባሉትን ግን መጋዘን ውስጥ ነበርኩ አልሰማሁም አሉ። እውነት ነው፣ አልወቅሳቸውም። እወቅሳቸዋለሁ። ታምቡሮቹ ከፖሊስ ጣቢያው ግቢ ጠፉ፣ ባሮ ነው የዋጣቸው ይባላል። ፍርድ ቤት አላቀረቡኝም፣ ቢያቀርቡኝ እናገር ነበር፤ ከሥራ አባርረው ለቀቁኝና የሰው ነፍስ ያጠፋ መሐንዲስ የሚለውን ስም ይዤ እንድዞር ተውኝ። ዲግሪዬ ላይ ከተጻፈው ስሜ ይልቅ ያኛው ስም ከተማውን ፈጥኖ አዳረሰው።

ወደ ሱዳን የምትወስደኝ ጀልባ ልትነሣ ስትል ልድያ ወደ ወደቡ መጣች። የኦባንግ እህት ናት፣ በክሊኒኩ አስታማሚ፤ የተሰማን እግር ያሰረችው እሷ ናት፣ ወንድሟን ይዞ የወደቀውን ሰው በገዛ እጇ ውኃ ታጠጣው ነበር። ነጭ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጥታ ፊቴ ቆመች። «ሰው ሁሉ አንተ ጆሮ አለህ ይላል» አለችኝ። «ሰማህ? አልሰማህም?» «ሰማሁ። ተናግሬያለሁ።» «ለማን?» «ለተሰማ።» «ተሰማ አልነገረኝም ብሏል። ካልሰማህ ጆሮህ ውሸት ነው። ሰምተህ ዝም ካልክ ወንድሜን አንተ ሸጥከው። የትኛው ነው?» ሌላ ሦስተኛ ነገር አለ ልላት አፌን ከፈትኩ፣ ምስክር ግን አልነበረኝም፣ ምስክሬ እሷ ያሰረችለትን እግር አልጋ ላይ ዘርግቶ ተኝቷል። ዞራ ሄደች። ጀልባዋ ተነሣች። ድንበሩ አጠገብ፣ ማታር ላይ ጨው ለማራገፍ ቆመን ነበር፣ ወርጄ በእግሬ መመለስ እችል ነበር፣ ከዚያ በኋላ ያለው ውኃ የሰው አገር ውኃ ነው። አልወረድኩም። ስሜን ሳይመልሱልኝ የምመለሰው ወደ ምንድን ነው።

ጽጌ እህቴ በዚህ ዓመት ከአዲስ አበባ ደወለች። «ወንድም ጋሼ፣ ጊዜው ተለወጠ እኮ» ትላለች፣ «ሰው ሁሉ በየቀኑ አቤት እያለ ነው። የናንተ ባላምባራስም የከተማው ሕዝብ ተነሥቶበት ተሽሯል አሉ። አንተም ማመልከቻ ጻፍና ምሕረት ይደረግልሃል፣ ና ግባ። ማን ያስታውሰዋል አሁን?» «እኔ አስታውሰዋለሁ።» «አንተማ ሌላ ምን ሥራ አለህ።» «ምሕረት ላጠፋ ሰው ነው፣ ጽጌ። ሳላጠፋ ማሩኝ ብዬ አልፈርምም።» ቀጥላ «እማዬም እንደዚሁ ነው ያለፈችው፣ እሱ ልጅ ይምጣልኝ እንዳለች» አለች። መስመሩ ደህና ነበር። ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር፣ ትንፋሿ ሳይቀር። አይሰማም፣ አይሰማም አልኩና ዘጋሁት። ጆሮዬ የዋሸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ሱሩርን ፈለግሁ። እዚህ ካሉት የጋምቤላ ነጋዴዎች በአንዱ በኩል ላክሁባቸው፣ ደወሉ። «አሎ፣ ኢንጂነር፣ ትሰማኛለህ?» «እሰማለሁ ጋሼ ሱሩር።» «አንተማ ትሰማለህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ የጨነቀን የሌላው ነው።» ሳቁ፣ ሳሉም፣ አርጅተዋል። ተሰማ እሳቸው ዘንድ ነው። መኪና መንዳት ትቷል፣ እግሩ አልገጠመለትም፣ መጋዘኑ ውስጥ ቡና ይመዝናል። «ሥራ ሲያልቅ ያንን ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል» አሉኝ፣ «መኪና በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር ተነሥቶ ይገባል። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ይገባኛል።» «ተሰማን ስልክ ቤት ይዘውልኝ ይምጡ» አልኳቸው። «ባላምባራስ የለም፣ የሚያስፈራው የለም። ልድያንም ይጥሩልኝ።» «ልድያ እንኳ አትመጣም።» «ይጠይቋት።» ከሰነበቱ በኋላ መልእክት ላኩ፤ ልድያ እመጣለሁ ብላለች፣ ተሰማ ግን ሦስት ቀን ምግብ አልቀመሰም።

አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ፊቴን ታጥቤ፣ የምረቃዬን ጊዜ ሸሚዝ ለብሼ፣ ሸሚዙ አሁንም ልኬ ነው፣ በጥላው በኩል ወደ ፖስታ ቤቱ እሄዳለሁ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ካርቱም አዲስ አበባን ይጠራል፣ አዲስ አበባ ጎሬን፣ ጎሬ ጋምቤላን፤ አራት ሰው እየተቀባበለ ይናገሩ፣ ይናገሩ ይላል፣ በመካከሉ ንፋስ የሚመስል፣ ጠጠር የሚመስል ድምፅ አለ። ስሜን ጠሩ። ባሽ መሐንዲስ፣ ሳጥን ሁለት። ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ስልኩን አነሣሁ። ከንፋሱ በስተጀርባ አንድ ሰው ይተነፍሳል። ገና ሳይናገር አወቅሁት።

«ኢንጂነር፣ እርስዎ ነዎት?» አለ። «እኔ ነኝ ተሰማ። እግርህ እንዴት ነው?» «ክረምት ሲመጣ ያመኛል።» «ልድያ አለች?» «አጠገቤ ናት። ጋሼ ሱሩርም አሉ።» «ታይሃለች?» «አዎ፣ እያየችኝ ነው።» ከዚያ ድምፁ ተሰበረ፣ «ኢንጂነር፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ልጆች ነበሩኝ፣ ባላምባራስ ከሌሊቱ አስነሥቶኝ...» «ይቅርታ በል አላልኩህም» አልኩት። «ያ ሁሉ ዓመት አልፏል እኮ ጌታዬ፣ እግዚአብሔርም ቀጥቶኛል፣ ይቅር ይበሉኝና...» «ተሰማ፣ ስማኝ። ስለ ልጆችህ አልጠየቅኩህም። ማን ቀባው ብዬም አልጠየቅኩህም፣ ጥፍርህን ያን ቀን አይቼዋለሁ። ይቅር ማለት የልድያ ነው፣ እሷ ታውቃለች። እኔ ካንተ የምፈልገው ያንኑ የተባባልነውን ነው። ስልኩን ከጆሮህ ሳታነሣ ዞር በል፣ ልድያን እያት፣ እሷ በምትሰማው ድምፅ ተናገር፤ በመስቀል ዕለት፣ ግድግዳው አጠገብ ቆሜ፣ ስለ መኪናዋ ምን አልኩህ? ኦባንግ ሰማህ ወይ ሲልህ አንተ ምን አልክ? ልድያ ቆማለች። እኔም ቆሜያለሁ። መልስልን፣ ተሰማ።»